የእናቴ ዘጠኝ ሰዓት

መርከበኛ መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አገሬን ይጠይቀኛል። «ላሊበላ» ስል ይስቃል። «እዚያ ደጋ ላይ ምን ባሕር አይተሽ ነው?» ይለኛል። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ባሕር ባይኖረን ጾም አለን፤ የሚጾም ሰው ሰዓት ይጠብቃል፤ የባሕር ላይ መንገድ ማወቅ ደግሞ ግማሹ ሰዓት መጠበቅ ነው። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሦስተኛ መኮንን ሆኜ መርከብ ላይ እስክቆም ያደረሰኝን ሳስብ ከትምህርት ቤቱ እኩል የእናቴ ጾም ትዝ ይለኛል። ለሁለቱም ምስጋና አለብኝ፤ የእናቴ ግን ይበዛል።

እናቴ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ጧፍ ትሸጣለች። ቄስ የነበረው አባቴ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስላረፈ፣ ቤት የቀሩት እሷና ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ታላቅ እህቴ ናቸው። እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪሙ ጾሙን ተዪ ቢላት፣ የንስሐ አባታችንም ቢፈቅዱላት፣ «ልጆቼን ያሳደግሁበትን ጾም በእርጅናዬ ልጣለው?» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሐኪሙ ቸገረውና ቢያንስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዳታልፍ አስማላት። ማተቧን ይዛ ማለችለት።

የንስሐ አባታችን በእጃቸው ሰዓት አስረው አያውቁም። የስልኩንም ሰዓት «መብራት ሲጠፋ የሚሞት ነገር» እያሉ ያጣጥሉታል። በጾም ቀን ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የጥላቸው ጫፍ ያረፈበትን ጠጠር በዓይናቸው ይይዛሉ፣ ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ በእግራቸው ይለኩታል። ጥላው በየወሩ ስንት ጫማ ሲሆን ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን አባቶች ያቆዩት ልክ አለ፤ እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል። ልጆች ሆነን ከኋላቸው ተሰልፈን የየራሳችንን ጥላ እንለካ ነበር። ቁመታችን ቢያጥር እግራችንም ያጥራልና መልሱ ከእሳቸው ጋር ያው ይመጣል። ያኔ ይገርመኝ ነበር፣ አሁንም ይገርመኛል።

ሐይቅ ዳር ካለው የመርከብ ትምህርት ቤት ገብቼ መምህራችን ስለ ሰዓት ሲያስተምር ታዲያ እንግድነት አልተሰማኝም። ምድር በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ በአንድ ሰዓት አሥራ አምስት ዲግሪ ማለት ነው። መርከበኛው እሱ ባለበት ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንበትን ቅጽበት ካየ፣ በዚያችው ቅጽበት በአንድ በታወቀ ቦታ ስንት ሰዓት እንደሆነ ደግሞ ካወቀ፣ ከልዩነቱ ተነስቶ ከዚያ ቦታ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደራቀ ያሰላል። ለዚህ ሲባል መርከብ ሁለት ዓይነት ሰዓት ይይዛል። የግድግዳው ሰዓት የመርከበኛው መብያና መተኛ ነው፤ መርከቧ በሄደችበት አገር ልክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይደረጋል። ክሮኖሜትር የሚባለውን ግን ማንም አይነካውም። የትም ይኬድ የት፣ ያንኑ የታወቀውን ቦታ ሰዓት ይነግራል። ዛሬ ጂፒኤስ አለ፤ መምህራችን ግን «ጂፒኤሱ የጠፋ ቀን ለማን ታለቅሳላችሁ?» እያለ በፀሐይ ያሠራን ነበር።

የባሕር ፍሰትን ሲያስተምረን ደግሞ ከክፍሉ ቀድሜ የገባኝ እኔ ነኝ። ባሕር የቆመ ውሃ አይደለም፤ በውስጡ እንደ ወንዝ የሚሄድ ውሃ አለ። መርከቧ አፍንጫዋን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙራ ሳለ ፍሰቱ ወደ ጎን ይዟት ይሄዳል፤ ስለዚህ ልትደርስበት ከምትፈልገው ቦታ ወደ ፍሰቱ መምጫ ፈንጠር አድርገህ ታነጣጥራለህ። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ለለቅሶ ስንሄድ ተከዜን በክረምት ተሻግረናል። አባቴ እጄን ይዞ ከመሻገሪያው በጣም ከፍ ብሎ ወደ ውሃው ሲገባ መንገዱ የጠፋበት መስሎኝ ነበር። «ላይ ገብተሽ ታች ውጪ፤ የቀረውን ወንዙ ራሱ ያደርሳል» አለኝ። መሻገሪያው አፍ ላይ ወጣን። መምህሩ ይህን ስነግረው ሰሌዳው ላይ ወንዝና ሁለት ሰዎች ሣለበት።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ሲደርስ ልሰናበት ላሊበላ ሄድኩ። የንስሐ አባታችን ሊመርቁኝ መጡ። አዲስ ዕውቀት የያዘ ሰው አፉ አያርፍምና፣ ከእናቴ ጧፍ አንዱን አብርቼ ፀሐይ አደረግሁት፤ ሎሚ አንስቼ ምድር አደረግሁት። ሎሚው ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አኖርኩ፤ አንዷ ላሊበላ፣ አንዷ መርከቧ። እያዞርኩ፣ መርከቧ በምሥራቅ ስትሆን ፀሐይ ቀድማ እንደምትደርስባት፣ በምዕራብ ስትሆን እንደምትዘገይባት አሳየኋቸው።

አባ ሎሚውን ሲያዩ ቆዩና «እንግዲያ ሁሉም የራሱ ጥላ፣ የራሱ ዘጠኝ ሰዓት አለው ማለት ነዋ» አሉ።

«በትክክል አባ!» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

እናቴ ሎሚውን ከእጄ ወሰደች። ሁለቱን ነጥቦች ትክ ብላ ታያቸው ነበር። በኋላ በሶ ስትቋጥርልኝ፣ እኔ ባሕር ላይ ባለሁበት ቀን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾምልኝ ለመድኃኔዓለም መሳሏን ነገረችኝ። «ዘጠኝን ካላለፍሽ ይሁን» አልኳት።

ያ ጉዞ ወደ ምሥራቅ ነበር። መርከቧ በራቀች ቁጥር የግድግዳውን ሰዓት ወደ ፊት ስናደርግ፣ መቼ እንደምትደውልልኝ እንድታውቅ ለእህቴ እጽፍላታለሁ። ሩቅ ምሥራቅ ወደብ ደርሰን ስደውል እህቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

«ጉድሽን ሰማሽ? እማዬ አርብ ቀን፣ ገና በጧቱ፣ አራት ሰዓት ላይ ምሳዋን ከፍታ በላች። ያውም መንገድ ዳር! ጎረቤቱ ጉድ ብሏል።»

እናቴ ስልኩን ነጠቀቻት። «ምን አጠፋሁ? ጾሙን የተሳልኩት ላንቺ ነው፤ ታዲያ ጥላውስ ያንቺ አይደለም? አንቺ ዘንድ ዘጠኝ ሆኗል አልሆነም?»

«ሆኗል።»

«እንግዲያስ!»

ለካስ እህቴን ከሆቴሉ የተጣለ የግድግዳ ሰዓት አስመጥታ ከቤቱ ሰዓት ጎን ሰቅላዋለች። «የልጄ ሰዓት» ትለዋለች። እኔ በጻፍኩ ቁጥር እህቴን ታስዞራታለች። የምትበላው እሱ ዘጠኝ ሲል ነው። አባ ሰምተው ከት ብለው ሳቁ፤ «መቼም ለጤናዋ ይሻላታል፣ ተዋት» አሉ። እኛም ለስኳሯ ደግ ነው ብለን ተውናት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያኔ ሁላችንም እየሳቅን ነበር።

ቀጥሎ የተቀጠርኩባት መርከብ የሌላ አገር ሰዎች ነበረች፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስታ፣ የአፍሪካን ጫፍ ዞራ፣ ከደቡብ አሜሪካ ስኳር ልትጭን ነበር። «እናትሽ ያላት አይበቃም?» ብላ እህቴ ቀለደችብኝ። ወቅቱ ክረምት ነበርና በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ያለው ፍሰት ወደ ሰሜን እየጋለበ ገፋን። በበጋ ግን ዞሮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሚያዞረው ነፋስ የክረምታችን ዘመድ ነው፤ ላስታ ላይ ዝናብ ሲጥል እኔን ወደ ኋላ ይገፋኛል ብዬ ለእህቴ ጻፍኩላት። ወደ ደቡብ ስንወርድ ሌላ ፍሰት ተቀበለንና በጀርባችን እየገፋ ወደ አፍሪካ ጫፍ አወረደን፤ ከዚያ አፍንጫችንን ወደ ምዕራብ አዞርን።

ወደ ምዕራብ ሲኬድ የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። መርከበኛ ይህን ይወደዋል፤ በእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ሰዓት ይበልጥ ይተኛል። እኔም እየተኛሁ፣ ደስ እያለኝ፣ ለእህቴ እጽፍ ነበር። እዚያ ላሊበላ ግን እኔ አንድ ሰዓት በተኛሁ ቁጥር እናቴ አንድ ሰዓት ትራባለች። እህቴ ሆቴል ስለምትውል፣ እናቴም ለሐኪሙ ስለማለች፣ ማታ ስትመጣ በልታ የጠበቀቻት ይመስላት ነበር።

አትላንቲክ መሐል ደርሰን ሳለ አንድ ጧት የእህቴን የድምፅ መልእክት ከፈትኩ። ሳቋ የለም። «እማዬ ለሠርክ ጸሎት ስትወርድ ደረጃው ላይ ወደቀች። ስኳሯ ወርዶ ነው። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እህል እንደማትቀምስ ያወቅሁት ዛሬ ነው። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች አንድ ቀን ወድቃ አትነሳም ብሎኛል። ብለምናት 'ልጄ ዘንድ ዘጠኝ አልሆነም፤ ሐኪሙም ዘጠኝ አለኝ እንጂ የማን ዘጠኝ እንደሆነ አልነገረኝም' ትላለች። እባክሽ ሰዓቱን ከዚህ በላይ አትመልሱት።» ወደቡ እስክንደርስ ገና ሦስት ሰዓት የምንመልሰው ነበረን። ሦስት ሰዓት ቢጨመርበት እናቴ የምትበላው ከምሽቱ ሦስት ላይ ይሆናል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ውሸት ነው። እህቴ የተሰቀለውን ሰዓት ባታዞረውስ? ግን ስለት ነው። እናቴ እኔን ከባሕር እንዲጠብቅልኝ ብላ ለፈጣሪ የሰጠችውን ነገር በሐሰት ሰዓት ላበላሸው አልወደድኩም፤ ያወቀች ቀን ደግሞ ከመራብ የባሰ ያማታል። ፈርቼ ነበር። በሕይወቴ ማዕበል እንዲያ አላስፈራኝም።

ተረኛ ስለነበርኩ ቁርስ ሳልበላ ወደ መርከቧ መምሪያ ክፍል ወጣሁ። ካፒቴናችን የሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ሰው ነው። በአገሩ ሰላምታው «በላሽ?» ነው፤ ጧት ሁሉ እንደዚያ ይለኛል። ያን ቀን ፊቴን አየና ምን ሆነሽ አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ «የእኔም እናት የበላሁ መሆኔን ሳትሰማ አትተኛም ነበር» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀጥሎ «ለማንኛውም የቀትሯ ፀሐይ እንዳታመልጥሽ፤ ቦታችንን አውጪ» አለኝ።

ሴክስታንቱን ይዤ ቆምኩ። ሴክስታንት የፀሐይን ከፍታ ከአድማሱ የምንለካበት መሣሪያ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ለመሆን ጥቂት ሲቀራት ቅጽበቱን ልመዘግብ ወደ ክሮኖሜትሩ ዞርኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሊሞላ ነው። እንደ ልማዴ የእጄንም ሰዓት አየሁ። የእጄን ሰዓት ከላሊበላ ከወጣሁ ጀምሮ አልነካሁትም፤ የአገሬን ሰዓት ነው የሚነግረኝ። ዘጠኝ ሊሞላ ነው።

ስንት ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም። የዓለም መርከበኛ ሁሉ ቦታውን የሚያውቅበት ያ የማይነካ ሰዓት አሥራ ሁለት ሲሞላ፣ በእናቴ ቤት ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ትናንትም እንደዚያ ነበር፣ ነገም እንደዚያ ነው፤ መርከቧ ምሥራቅ ትሂድ ምዕራብ አይለወጥም። ሥራዬን ጨርሼ ተራዬን እንዳስረከብኩ ከቋጠሮዬ በሶ ዘገንኩና ላሊበላ ደወልኩ።

እህቴ አባን አስጠርታ ሦስቱም ቤት ናቸው። «እማዬ፣ በላሽ?» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ በሶዬን በእጄ ይዣለሁ። ጧትም አልበላሁም። አብረን እንብላ።»

«ኧረ ወዲያ! አንቺ ዘንድ ገና ስድስት ሰዓት ነው፣ እህትሽ ነግራኛለች። ልታታልይኝ ነው?»

«ስድስት የሚለው የግድግዳው ነው እማዬ። እሱ የሆድ ሰዓት ነው፣ እንደፈለግን እናዞረዋለን። ሌላ ሰዓት አለ፤ ማንም የማይነካው። ቦታችንን የምናውቀው በእሱ ነው። እሱ አሥራ ሁለት ሲሞላ አንቺ ሁልጊዜ ዘጠኝ ላይ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ካንቺ ጋር እጾማለሁ፤ ጾሜን የምፈታው በእሱ ነው።»

«ጥላሽስ? አባ ምን አሉ? ጥላው ባለበት ነው ሰዓቱ።»

«ጥላዬን ተዪው፤ እሱ ከእኔ ጋር ይንከራተት። መርከበኛ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ የማይንቀሳቀስ ቦታ ስላለው ነው። እኔ ስሄድ አንቺም ከእኔ ጋር ከሄድሽ ከየት ልቁጠር? ቁሚልኝ፣ እማዬ። አንቺ ከወደቅሽ እኔ የት እንዳለሁ አላውቅም።»

አባ ከኋላ «ልጅቱ እውነቷን ነው፤ አንዱ ይቁም እንጂ» ሲሉ ሰማሁ።

«በማተብሽ?» አለች እናቴ።

«በማተቤ።»

«ታዲያ አንቺ ልጅ፣ የማይነቃነቅ ሰዓት ይዘሽ በሚንከላወሰው ለምን አስራብሽኝ?»

እየሳቅሁ አለቀስኩ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሳህን ድምፅ፣ ቀጥሎም እናቴ ስታኝክ ሰማሁ። ያን ያህል ደስ የሚል ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። በሶዬን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። እህቴ በዚያው ቀን የተሰቀለውን ሰዓት በክሮኖሜትሩ ልክ ሞላችው፤ ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

የቀረውን መንገድ የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ በተመለሰ ቁጥር የእኔ መብያ ወደ ጧት እየተሳበ መጣ። ወደቡ ስንደርስ ጧት ተራ ላይ በቆምኩበት ይሆን ነበር። ካፒቴኑ ያን ሰዓት ሲቃረብ ወደ መምሪያ ክፍሉ ብቅ ይልና «እናትሽ ልትበላ ነው» ይለኛል፤ ለአንድ አፍታ ተራዬን ይይዝልኛል፤ እኔ በሶዬን እበላለሁ። ስሙን አልጠራም እንጂ ዘወትር አመሰግነዋለሁ። በእነዚያ ቀናት ቦታችንን በሞተራችን ፍጥነት ብቻ ስናሰላው በእውነት ከደረስንበት ወደ ኋላ ቀርቶ እናገኘው ነበር፤ የቀረውን ከታች ያለው ፍሰት ገፍቶ አመጣን። የራሴንም ነገር እንደዚያ አሰብኩት። ትምህርቴም ጉልበቴም ተሰልቶ እዚህ አያደርሰኝም፤ የገፋኝ አለ። ይህን ለእናቴ ስመጣ እነግራታለሁ ብዬ በልቤ ያዝኩት።

ውሌ አልቆ ስመለስ ወደ ላሊበላ መገንጠያው ጋሸና ላይ መኪና አጥቼ ቆየሁ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ረዳቱ ሰው እስኪሞላ አንሄድም ይላል፤ እኔ የእጄን ሰዓት እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። የብስ ላይ ነኝና ጾሙ አብቅቷል፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቧ ሆኜ አብሬያት መብላት ፈልጌአለሁ። ላሊበላ ስንገባ ገና ጥቂት ቀርቶት ነበር። በባጃጅ ወደ ጧፍ መሸጫዋ ስደርስ ቦታዋ ላይ የለችም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር የማይጠፉ አንዲት አሮጊት ከጧፎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«እናትሽ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች» አሉኝና ፊቴን አተኩረው አዩት። «አንቺ ነሽ የባሕሯ ልጅ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሰይ! እሰይ! ያንቺን ጉርሻ የምጎርስልሽ እኮ እኔ ነኝ!»

አልገባኝም። እሳቸው እጄን ይዘው አስረዱኝ። እናቴ በየቀኑ ዘጠኝ ሲሆን ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ትጠቀልልና «ይቺ የልጄ ናት፣ እሷ ትቅደም» ብላ እሳቸውን ታጎርሳለች። እሳቸው ሳይውጡ እሷ አትጀምርም።

«አንድ ቀን ጦመሽ አታውቂም፣ ልጄ» አሉኝ፣ እጄን እየደባበሱ። «በልቼልሻለሁ።»

እናቴ ጀሪካን ይዛ ስትመጣ እዚያው ቆሜ እያለቀስኩ አገኘችኝ። ሳመችኝ፣ ከሳሽ አለችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ። ልነግራት የያዝኩትን ሁሉ ልጀምር ስል የእጄን ሰዓት ገልብጣ አየች። ዘጠኝ ሞልቷል። ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ ጉርሻ ጠቀለለች፣ እጇ በእኔና በአሮጊቷ መካከል ቆመ።

«ዛሬማ ባለቤቷ መጣች» አለች።

«ታዲያ እኔ ልጡም?» አሉ አሮጊቷ።

እናቴ ሳቀችና መጀመሪያ እሳቸውን አጎረሰች። ሁለተኛውን አተለቀችና ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ራሷ መብላት ጀመረች። እኔ አፌ ሞልቶ ስለነበር አመሰግናለሁ ማለት አልቻልኩም።